ገንዘብ ይላካል፤ ቀባሪ ግን ይመጣል

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት ሠርተው ወይም ተከራይተው ከሚኖሩት ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ የወጡ ናቸው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ዳሩ ግን አንድ ከተማ መባል ብቻውን ሰውን ጎረቤት አያደርገውም፤ ጎረቤት የሚያደርገው ዕድሩ፣ ማኅበሩና ሰንበቴው ነው።

የቀድሞ ሰፈሩን ዕድር መተው ያልወደደ ሰው ዛሬ ወርኃዊ መዋጮውን በስልኩ ይልካል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ እጅግ ቀሏል። ጥሩምባ ነፊው ሌሊት እየዞረ ያሰማው የነበረው መርዶም በብዙ ሰፈር በቴሌግራም ይደርሳል። ማልዶ ወጥቶ አምሽቶ ለሚገባ ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ስለ ሆነ ስልኩን አንነቅፍም።

የምንሠጋው በሌላ ነገር ነው። ዕድር የተቋቋመው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ሰታቴ ለማዋስ ብቻ ሳይሆን ኀዘንተኛው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ከስብሰባና ከቀብር የቀረ አባል የሚቀጣውም ገንዘብ ስለ ጎደለ ሳይሆን ሰው ስለ ጎደለ ነው፤ ቅጣቱ «ፈልገን አጣንህ» ማለት ነበር። በስልክ የከፈለውን ግን ማንም አይፈልገውም፤ በመዝገቡ ላይ አልጎደለምና።

እንግዲህ ሱሉልታ ተቀምጦ አዲስ አበባ የሚያዋጣ ቤተ ሰብ ሌሊት ኀዘን ቢደርስበት፣ የሚያውቀው ዕድር ከእንጦጦ ወዲያ ነው፤ በአጠገቡ ያለው ደግሞ ስሙን እንኳ አያውቅም። ስልክ የሌላቸው አረጋዊት እናትም የወዳጃቸውን ሞት ከቀብሩ በኋላ ይሰማሉ፤ ሳያውቁ በቀሩበትም ይታማሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ የቀድሞውን ዕድር ባትተዉም በምትኖሩበት ሰፈር ዕድር ተመዝገቡ። ሁለተኛ፣ ስልክ ለሌላቸው ሁሉ ደጃፋቸው ድረስ ሄዶ የሚነግር ሰው ዕድሩ በስም ይመድብ። ሦስተኛ፣ መዋጮው በስልክ ቢከፈልም ወርኃዊው ስብሰባ አይቅር።

ከሁሉም በላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለቅሶ ድረሱ። ልጅ ለቅሶ መድረስን የሚማረው እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ አይቶ፣ አብሯትም ሄዶ ነው።