ጎጆ መውጣት ስለ ዘገየበት ምክንያት

በከተማ በማኅበርም ሆነ በለቅሶ ቤት፥ በሰንበቴም ሆነ በሠርግ ድንኳን፥ ሽማግሎች በተሰበሰቡበት ስፍራ ሁሉ አንድ ወቀሳ ይሰማል። ይኸውም «የዛሬ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት ከእናቱ ሞሰብ ይበላል፤ አባቱ ግን በሃያ ዓመቱ ጎጆ ወጥቶ፥ ልጅ ወልዶ፥ ግብር ይገብር ነበር» የሚል ነው። ፍርዱም ወዲያው ይከተላል፤ ወጣቱ ሰነፍ ነው፥ ድሎት ለምዷል፥ ቀንበር ይሸሻል ይባላል። የወቀሳው መጀመሪያ እውነት ነው፤ በከተማ ወጣቱ ራሱን የሚችልበት ዕድሜ እንደ ዘገየ የሚክድ የለም። ፍርዱ ግን ሐሰት ነው። ሐሰትም ብቻ አይደለም፤ ባለዕዳው ተሰውሮ ገንዘብ ጠያቂው እንዲከሰስ የሚያደርግ ግፍ ነው።

እስኪ ነገሩ ከሥሩ ይመርመር። የቀድሞው ጐልማሳ በሃያ ዓመቱ ጎጆ ሲወጣ ጎጆውን ማን ሠራለት? ርስት ባለበት ባላገር አባት ለልጁ ከሚታረሰው መሬት ከፍሎ ይሰጠው ነበር፤ የሁለቱም ወገን ወላጆች ተቀምጠው ተማክረው እንደ አቅማቸው በሬና ላም ያዋጡ ነበር፤ ጎረቤትም በደቦ ወጥቶ፥ አንዱ ማገር ተሸክሞ፥ አንዱ ሣር አጭዶ፥ አንዱ ጭቃ አቡክቶ ቤቱን ያቆምለት ነበር። ከሙሽራው ወገን የሚጠበቀው ጠላና እንጀራ ብቻ ነበር። እንግዲህ ራሱን ቻለ የተባለው ያ ጐልማሳ በብዙ ሰው ትከሻ ላይ የቆመ ነበር። ጎጆ መውጣት የወጣቱ ትጋት ብቻ ሳይሆን የአባቶች ስጦታ ነበር።

የቆሎ ተማሪውም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። ገና በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ቅኔና ዜማ ፍለጋ ከደብር ወደ ደብር ይሻገር ነበር። ጽናቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን በየደጁ ቁራሽ የሚሰጠው ባላገር፥ ያለ ደመወዝም የሚያስተምረው የኔታ ባይኖሩ ኖሮ ጽናቱ ለስንት ቀን በበቃው ነበር?

ይህ ሲባል የጥንቱ ዘመን ሁሉ መልካም ነበረ ለማለት አይደለም። በደቡብ ብዙው ገበሬ ጭሰኛ ስለ ነበረ ለልጁ የሚያወርሰው መሬት አልነበረውም። የሴቶች ልጆችም ነገር ከዚህ የከፋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመትዋ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት የተወሰነው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ነው። ሕጉ ከወጣም በኋላ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች እኩሌታዎቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳያልፋቸው ተድረው ነበር። ከአባትዋ እጅ ወደ ባልዋና ወደ አማትዋ እጅ የተላለፈች ልጅ ራስዋን ቻለች ሊባል አይገባም። ስለዚህ በሴት ልጅ በኩል መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ጉዳት ሳይሆን ማምለጥ ነው።

አሁን ደግሞ በዛሬው ወጣት ፊት ያሉት በሮች ይታዩ። የመጀመሪያው የመሬት በር ነው። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ጭሰኝነትን አጠፋ፤ ይህም ታላቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን መሬቱ አልሰፋም፤ ሰው ግን በዛ። በ1976 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቈጠር ከ42 ሚሊዮን በላይ የነበረው፥ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በለጠ። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በዚያን ዓመት በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የነበረ ሕፃን ዛሬ ጐልማሳ ሆኖ የአባቱን ጥማድ ከወንድሞቹ ጋር ይቈጥራል። ስለዚህ ወደ ከተማ ይወርዳል።

ሁለተኛው የትምህርት በር ነው። ቀድሞ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሞፈር ይጨብጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ሀገሪቱ ራስዋ «ተማር» አለችው፤ መልካምም አደረገች። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች፥ ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ አልሞሉም። የቀሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ቢባል እንኳ፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳለፋቸው ማን ነው?

ሦስተኛው የደመወዝ በር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም አዘዘ እንጂ ልኩን በቍጥር አልወሰነም። ልጁን ሰነፍ የሚለው አባት፥ በሱቁ ለቀጠረው ለሌላው ሰው ልጅ የሚከፍለው ገንዘብ ጎጆ ያስወጣ እንደ ሆነ ራሱን ይጠይቅ።

አራተኛው ከሁሉም የጠበበው የቤት በር ነው። ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ ቦታ በሊዝ ሆነ፤ ጨረታውም ለባለጠጋ እንጂ ለጀማሪ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለጋራ መኖሪያ ቤት ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። ከ17 ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው ዕጣ ማጭበርበር ተገኝቶበት ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ በአዋጅ ተደነገገ፤ ይህ ተከራዩን ከድንገተኛ መባረር ይጠብቀው እንደ ሆነ እንጂ ቤት አይሠራለትም።

«ታዲያ ሰነፍ ወጣት የለምን?» የሚል ይነሣል። አለ እንጂ፤ በጫት ቤት ቀኑን የሚያባክን፥ የተገኘውን ሥራ የሚንቅ ብዙ ነው። ነገር ግን ስንፍና ዛሬ አልተፈጠረም፤ በአያቶችም ዘመን ሰነፍ ነበር፤ ያም ሰነፍ ርስት ደርሶት ጎጆ ይወጣ ነበር። በሁሉ ዘመን ያለ ነገር የአንዱን ዘመን ለውጥ ምክንያት ሊሆን አይችልም። የተለወጠው የወጣቱ ልብ ሳይሆን የአባቶች እጅ ነው።

የሚያሳዝነውም ወቀሳው ከሁሉ ይልቅ የሚጮኸው በሠርግ ድንኳን ውስጥ መሆኑ ነው። ሁለት ልጆች ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ በአንድ ቀን ድግስ፥ በኪራይ መኪናና በኪራይ ካባ ያልቃል፤ ይህንንም የሚያስገድዱት ወላጆችና ዘመዶች «ሰው ምን ይለናል» እያሉ ነው። ያ ገንዘብ የብዙ ወር የቤት ኪራይ በሆነ ነበር። ቀድሞ ሠርግ ጎጆ ያቆም ነበር፤ ዛሬ ጎጆ ያፈርሳል።

መድኃኒቱም ከደጅ የራቀ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ዕድር አለው፤ ድኻውም ባለጠጋውም ለመቃብር በየወሩ ያዋጣል፤ ሰው የሞተ ዕለት ድንኳኑ፥ ወንበሩ፥ ምግቡ ሳይጓደል ይቀርባል። ለሞተው ይህን ያህል የሚያብር ሰፈር፥ ለሚጀምረው ልጅ አንዲት ሳንቲም የሚያዋጣበት ሣጥን የለውም። ካህናት በጋብቻ ምክር ጊዜ ድግሱ እንዲያንስ ቢገሥጹ፥ የዕድር ዳኞች ለጎጆ መውጫ የሚሆን መዋጮ ቢጀምሩ፥ ሰርቪስ ቤት ያላቸው ሽማግሎች ለሁለት ዓመት በሚቻል ዋጋ ለአዲስ ባልና ሚስት ቢያከራዩ፥ ደቦ በከተማ እንደ ገና ተወለደ ማለት ነው።

ይህን ያላደረገ አባት ልጁን አይውቀስ። አያቱ ለአባቱ መሬት፥ በሬና የሰው ጉልበት ሰጥቶ «ውጣ» አለው። እርሱ ግን በባዶ እጁ በሩን እያሳየ «ውጣ» ይላል።