አማካይ ዋጋ ብቻውን አይበቃም

በራያ ቆቦ ሜዳ የሚያልፈውን የጎሊናን ወንዝ ጥልቀት ዓመቱን ሙሉ ለክቶ አማካዩን ያወጣ ሰው፣ ወንዙ ሕፃን እንኳ የሚሻገረው ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። ክረምት ላይ ከደጋው የሚወርደውን ደራሽ ውሃ የሚያውቅ ገበሬ ግን በዚህ አማካይ ተማምኖ ከብቱን አይነዳም። በገበያ ዋጋም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዘወትር የምንሰማው አማካዩን ነው፤ መዋዠቁ ግን እምብዛም አይነገርም።

ለምሳሌ በአምስት ተከታታይ የገበያ ቀናት የአንድ ኪሎ ማሽላ ዋጋ 38፣ 40፣ 41፣ 39 እና 42 ብር፣ የሽንኩርት ደግሞ 25፣ 60፣ 30፣ 55 እና 30 ብር ነበረ እንበል። የሁለቱም አማካይ 40 ብር ነው። ዋጋዎቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካው መደበኛ ልይይት ወይም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ግን ለማሽላው 1.4፣ ለሽንኩርቱ 14.5 ብር ገደማ ይሆናል።

በዓለም የአክሲዮንና የሸቀጥ ገበያዎች የሚሠራበት የቦሊንጀር ባንድ የቆመው በዚሁ ስሌት ላይ ነው። አሜሪካዊው ጆን ቦሊንጀር በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ባስተዋወቀው በዚህ ዘዴ፣ አብዛኛውን ጊዜ የ20 ቀን አማካይ ይወሰድና የልይይቱን ሁለት እጥፍ ያህል ከላይና ከታች መስመር ይሰመራል። በምሳሌያችን የማሽላው መስመሮች 37 እና 43 ብር፣ የሽንኩርቱ ደግሞ 11 እና 69 ብር አካባቢ ያርፋሉ። ለውሃ መሳቢያ ሞተር ነዳጅ ተበድሮ ሽንኩርት ለሚያለማ የቆቦ ገበሬ፣ ይህ ስፋት ዕዳን በመክፈልና በሬን በመሸጥ መካከል ያለ ርቀት ነው። ማሽላ በጎተራ ገብቶ የተሻለ ቀን ይጠብቃል፤ ሽንኩርት ግን አይጠብቅም።

ይሁን እንጂ አመልካቹ ትንቢት አይደለም። ዋጋው ይወጣል ወይም ይወርዳል አይልም፤ የሚሰላውም ካለፈው ዋጋ ነው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ጥሩ ምርት በመገኘቱ በአገራችን የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ድርቅ ተከተለ። ዝናብ ሲቀር ወይም መንገድ ሲዘጋ የትናንቱ መስመር ይጣሳል። ስለዚህ የመስመሮቹ መጥበብ የደኅንነት ዋስትና ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ታዲያ ጥቅሙ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ዋናው ጥቅም መቼ እንሽጥ ለሚለው ሳይሆን፣ ምን ያህል እንድፈር ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠቱ ነው። መዋዠቁን አስቀድሞ የተረዳ ገበሬ መሬቱን በሙሉ ለሽንኩርት አይሰጥም፤ ብድሩንም በአማካዩ ሳይሆን በታችኛው መስመር ልክ ይወስናል።

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የዕለት ዋጋን በሰሌዳና በስልክ የማሳወቅን ልማድ አምጥቷል። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሲከፈት ደግሞ ስለ አክሲዮን ዋጋ መነጋገር ጀምረናል። እኛ ግን የመዋዠቅ መለኪያ ከባለ አክሲዮኑ ይልቅ ለሽንኩርት አምራቹ ይበልጥ ያስፈልጋል እንላለን። የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዎች በየገበያው ቀን ዋጋ ቢመዘግቡ፣ የአንዱን ዓመት የመከር ወር ከሌላው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ቢያነጻጽሩ፣ ከዘር በፊትም አማካዩንና ሁለቱን መስመሮች በአካባቢው ቋንቋ በሬዲዮ ቢያሰሙ ወጪው ከደብተርና ከእርሳስ ብዙም አያልፍም። ገበሬው የወንዙን አማካይ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን፣ ጎርፉ የሚደርስበትንም ከፍታ ማወቅ ይገባዋል።