እንቁላሉ የት ሄደ?

ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛ መተግበሪያ እንድሠራለት ፈለገ። የሚሸጠው የዝንጅብል፣ የእርድና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ነው። «ኢሚዩኒቲዎን በ7 ቀን ያሳድጉ» የሚለው ጽሑፍ በትልቁ እንዲወጣ አዘዘኝ። ሠራሁለት፣ ብሬንም ተቀበልኩ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ ሲባል ሎሚና ነጭ ሽንኩርት እንዴት እንደተወደደ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ፈርተን ነበር፣ ይሁን። የሚያናድደኝ የዝንጅብል ሻይ አይደለም፤ እኔም እጠጣለሁ። የሚያናድደኝ በሽታ የመከላከል አቅምን ከጥጋብ በኋላ የሚነሰነስ ቅመም ማድረጋችን ነው።

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ነው። የጤፍ፣ የቅቤ፣ የማር አገር፤ «ትርፍ አምራች» እየተባልን ነው ያደግነው። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶዎቹ መቀንጨራቸውን አሳየ። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። ትርፍ የሚያመርተው አካባቢ ከአማካዩ በታች!

እንቁላሉን ተከተሉት። ዶሮዋ ጓሮ ትጥላለች፣ እናት ለገበያ ቀን ታጠራቅማለች፣ ጨው፣ ሳሙናና ደብተር ሆኖ ይመለሳል። እኛ ቤት የሚጠበሰው እንግዳ ሲመጣ ነበር። ልጁ እንጀራ በሽሮ በልቶ ይጠግባል። ሽሮን አልንቅም፤ ነገር ግን ያለው ዚንክ ፋይቴት በሚባል ነገር ስለሚታሰር ሰውነት በቅጡ አይመጠውም። ፕሮቲን፣ ዚንክና ቫይታሚን ኤ ሲጎድሉ ተከላካይ ሴሎች የሚበስሉበት፣ ደረት ውስጥ ያለው ታይመስ የሚባል እጢ ይኮማተራል፤ የአንጀትና የሳንባ ሽፋንም ይጎዳል። ከዚያ ተቅማጥ ይመጣል፣ ከተቅማጡ ጋር ኢንፍላሜሽን። እሱ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ጉበት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አመንጭቶ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። የተራበው ታመመ፣ የታመመው ይበልጥ ተራበ። በኛ ሙያ ኢንፊኒት ሉፕ ነው፤ ልዩነቱ ኮዱን ማቆም መቻሉ ነው።

«ጾም አለ እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲጾም አይገደድም። ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ግን ሕፃኑም አብሮ ይጾማል። ለልጅ አንዲት ትንሽ ድስት መለየት ይሄን ያህል ይከብዳል?

እናቶችን እየወቀስኩ አይደለም። ጨው በእንቁላል የምትገዛን ሴት «ለልጅሽ አብዪው» ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ጨውን ማን ይግዛላት? መንግሥት በ2007 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ 2022 ለማስቀረት ቃል ገብቷል። በየመኸሩ የምንሰማው ዜና ግን አሁንም የኩንታል ነው። አንድም ቀን «ዘንድሮ ስንት ልጅ እንቁላል በላ?» ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ትናንት እማዬ ደወለችልኝ። እንቁላል ተወዷል አለችኝ፣ ደስ ብሏት። የእህቴን ልጅ ሳሉ እንዳልተወው የነገረችኝ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው።