ወታደሩም ጠበቃ ያስፈልገዋል

ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤትና ስለ ሥራ አጥነት ፓርቲያችን ያለውን አቋም በሌሎቹ ገጾች ታነብባላችሁ። እኔ የምጽፍላችሁ በምርጫ ቅስቀሳ ብዙም ስለማይነሣ ጉዳይ ነው፤ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ስለሚከሰስ ወታደር የመከላከል መብት። “ይህ የጦር ሠፈር ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?” የሚል ይኖራል። ወታደሩ ግን ከሰማይ አልወረደም። ከየሠፈራችን ወጥቶ የዘመተ፣ እናቱ በር በሩን እያየች የምትጠብቀው የኛው ልጅ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጡ። ሃምሳ አለቃ ልጃቸው አባቱን ለመቅበር ፈቃድ ተቀብሎ መጣ፤ ፈቃዱ ካለቀ ከቀናት በኋላ በገዛ እግሩ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። በኩብለላ ተከሰሰ። እናቲቱ ልጃቸው ይለቀቅላቸው ዘንድ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ፣ “በፈቃዱ እንደተመለሰ የሚናገርለት ማን ነው?” ብለው ነው።

ጥያቄው የሕግ ባለሙያ ጥያቄ ነው። ከግንቦት 1997 ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕጋችን ከውትድርና ለመሸሽ አስቦ የኮበለለን ሰው፣ ያለፈቃድ ከቀረ ወይም ከዘገየ ሰው ይለያል። የሁለቱ ድርጊት ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ልዩነቱ በተከሳሹ ሐሳብ ላይ ነው። ቅጣታቸው ግን እጅግ ይራራቃል፤ ኩብለላ በጦርነት ጊዜ እስከ ሞት ሊያስቀጣ ይችላል። ይህን ልዩነት በማስረጃና በክርክር ማሳየት የጠበቃ ሥራ እንጂ ዕድሜውን በምሽግ ያሳለፈ ወታደር ሥራ አይደለም።

ታሪካችን በዚህ ረገድ መራራ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና የጦር መኮንኖች ያለፍርድ ተረሸኑ። በግንቦት 1981 ከተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የተከሰሱ 12 ጄኔራሎች በግንቦት 1982 ተገደሉ። አገሪቱ ለዘመናት ገንዘብና ዕውቀት ያፈሰሰችባቸው መኮንኖች እንዲህ አለቁ። በቅርቡም፣ መስከረም 30 ቀን 2011 መሣሪያ ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ከሄዱት ወታደሮች መካከል 66ቱ ከ5 እስከ 14 ዓመት እሥራት እንደተፈረደባቸው ተነገረ። መሣሪያ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት መሄድ ቀላል ጥፋት ነው አንልም። ነገር ግን ሕዝብ የቅጣቱን ዓመት ብቻ ሳይሆን መከላከያውንም ሰምቶ፣ “ፍርዱ ትክክል ነው” ማለት መቻል አለበት።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ አዲስ አይደለም። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው፣ የመክፈል አቅም ሲያጣና ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን መንግሥት ጠበቃ እንደሚያቆምለት ይደነግጋል። “ወታደር ካልሆነ በቀር” የሚል ቃል የለበትም። ኢትዮጵያ በ1985 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም ይህንኑ ይላል። ወታደራዊ ፍርድ ቤቶቻችን በአዋጅ ቁጥር 27/1988 ተቋቁመው፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1100/2011 ተሻሽለው የቆሙት በዚህ ሕገ መንግሥት ሥር ነው።

ይሁንና መብት በወረቀት መስፈሩ ብቻውን አይበቃም። ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ተከላካዩም ከአንድ መሥሪያ ቤት ደመወዝና ማዕረግ የሚጠብቁ ከሆነ፣ ተከላካዩ የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን ወታደሩ ሊያምነው አይችልም። አለቃውን በመስቀለኛ ጥያቄ ያጣበቀ መኮንን ዕድገቱ በዚያው አለቃ እጅ ሲሆን ምን ያደርጋል? ሌሎች አገሮች ይህን አይተው አስተካክለዋል። በአሜሪካ በከባድ ወንጀል ለጦር ፍርድ ቤት የሚቀርብ ወታደር፣ ሀብታምም ሆነ ድኻ፣ ያለ ክፍያ ወታደራዊ ጠበቃ ይመደብለታል፤ ከፈለገ በራሱ ወጪ ሲቪል ጠበቃ ይጨምራል። የምድር ጦሩ ተከላካዮችም እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ከክሱ አዛዥ የዕዝ ሰንሰለት ተለይተው ተደራጅተዋል። በብሪታንያም የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ አዛዥ ክሱን አዋቅሮ የችሎቱን አባላት የሚመርጥበትን ሥርዓት ገለልተኛ አይደለም ብሎታል።

“ጠበቃ ዲሲፕሊን ያላላል” የሚሉን አሉ። ሠራዊት ያለ ዲሲፕሊን እንደማይቆም እኛም እናምናለን፤ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ይፍረስም አላልንም። ነገር ግን ዲሲፕሊንን የሚያላላው ያለአግባብ የተቀጣ ጓዱን ያየ ወታደር ቂም ነው። ሳይደመጥ እንደማይፈረድበት የሚያውቅ ወታደር ግን አለቃውን በፍርሃት ሳይሆን በእምነት ይታዘዛል። “የአገር ምሥጢር ይወጣል” ለሚሉም፣ ምሥጢር ያለበትን ማስረጃ ብቻ በዝግ ችሎት ማየት ይቻላል፤ ችሎቱን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም።

ስለሆነም ፓርቲያችን ቢመረጥ የሚከተሉትን በሕግ ይደነግጋል፦

1. ማንኛውም የተያዘ ወታደር ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ጠበቃ የማግኘት መብቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ቤተሰቡም የት እንዳለ ያውቃል።

2. የወታደር ተከላካይ ጠበቆች ከዕዝ ሰንሰለት ውጭ፣ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር ይደራጃሉ፤ ሹመታቸውና ዝውውራቸው በአዛዥ እጅ አይሆንም።

3. ወታደሩ የመረጠው የግል ጠበቃ ወደ ካምፕ ገብቶ ደንበኛውን በግል ያነጋግራል፣ መዝገቡን ያያል፣ በቂ የመዘጋጃ ጊዜ ያገኛል።

4. ችሎት ለሕዝብ ክፍት ይሆናል፤ የሚዘጋው ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን በጽሑፍ ሲያሰፍር ብቻ ነው።

5. የይግባኝ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካለበት፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 እንደሚለው ወደ ሰበር ችሎት የሚቀርብበት መንገድ ለወታደሩም ክፍት ይሆናል።

6. ወታደር በሲቪል ሰው ላይ የፈጸመው ወንጀል በመደበኛ ፍርድ ቤት ይታያል። ለወታደሩ ጠበቃ ስንጠይቅ ለተበዳዩም ግልጽ ችሎት እንጠይቃለን።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በአንድ ጀምበርም አይሞላም። ስለዚህ በሞትና በረጅም እሥራት ከሚያስቀጡ ክሶች እንጀምራለን። ለአንድ ወታደር መሣሪያና የደንብ ልብስ የምትችል አገር፣ ሕይወቱ በሚዛን ላይ ሲወድቅ አንድ ጠበቃ ልትነፍገው አይገባም።

የተከበራችሁ መራጮች! ወታደሩ ድንበር ላይ ሲቆም ስለ እናንተ ነው። እርሱ ችሎት ፊት ሲቆም ግን አጠገቡ ማንም የለም። ድምፃችሁን ስትሰጡ ያቺን እናት አስቡልን፤ የጠየቁት ምሕረት አልነበረም፣ ለልጃቸው የሚናገር አንድ ሰው ነበር።

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ