ግማሹን ለማግኘት ሁሉን አታስይዝ

ወዳጄ አንባቢ፤ ቁማር ላስተምርህ ብዕር ያነሣሁ እንዳይመስልህ። ነገር ግን ደመወዝ በተከፈለ ማግስት ካርታ ይዞ የሚቀመጥ ወጣት በየከተማው አይጠፋም፤ ዛሬማ ጠረጴዛው ስልኩ ውስጥ ገብቶለታል። «አትጫወት» የሚለውን ምክር ከእናት ከአባቱ ሰምቶታል፤ «መቼ ድፈር፥ መቼ ተው» ብሎ የነገረው ግን የለም። ስለዚህ ዛሬ የምንመለከተው ድፍረት በሒሳብ የሚለካባትን አንዲት ጨዋታ ነው።

ይህች ጨዋታ ከፖከር ወገን ስትሆን ስሟን ከአሜሪካዪቱ ከተማ ከኦማሃ ወስዳለች። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 4 ካርታ በስውር ይሰጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሁሉም የሆኑ 5 ካርታዎች ይገለጣሉ፤ በመጀመሪያ 3፥ ቀጥሎ 1፥ በመጨረሻም 1። ተጫዋቹ የግድ ከእጁ 2፥ ከጠረጴዛው 3 አጋጥሞ 5 ያደርጋል። መሐል የተከማቸው ገንዘብ፥ ማለት መደቡ፥ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ከፍተኛውን ላቀናጀ፥ ግማሹ ዝቅተኛውን ላቀናጀ። ያው አንዱ ሰው ከእጁ ልዩ ልዩ ካርታ እየመረጠ ሁለቱንም ሊወስድ ይችላል። ዝቅተኛው እንዲቆጠር 5ቱም ካርታዎች የተለያዩና ከ8 ያልበለጡ መሆን አለባቸው። አስ ለዝቅታው እንደ 1 ትቆጠራለች፤ ለከፍታው ግን ከንጉሡ በላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ ከ8 ያልበለጡ 3 የተለያዩ ካርታዎች ካልወጡ ዝቅታ የሚባል ነገር የለም፤ ከፍተኛው መደቡን ይጠቀልለዋል።

እንግዲህ እርሳስና ወረቀት አንሣ። ሦስት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ 100 ብር ብታስይዙ መደቡ 300 ብር ይሆናል። ግማሹ ቢደርስህ 150 ነው፤ ትርፍህ 50 ብር ብቻ። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ግን መደቡ 200፥ ግማሹ 100 ነው፤ ያስያዝኸውን መልሰህ ተቀበልህ እንጂ አላተረፍህም። የባሰም አለ። አንተ በአስና በ2 ዝቅታውን ስትይዝ ከተጫዋቾቹ አንዱ እንዲሁ አስና 2 ይዞ ቢገኝ ግማሹን እንደ ገና ትካፈሉታላችሁ። ከ300 ብር ሩቡ 75 ብር ነውና «አሸነፍሁ» እያልህ 25 ብር ከሰርህ ማለት ነው። ገንዘቡን በጨመርህ መጠን ኪሳራህን አሳደግህ።

የማውቀው አንድ ወጣት ጸሐፊ አስና 2 በገባለት ቁጥር ውርርዱን ከፍ ያደርግ ነበር። ሌሊቱን ብዙ ጊዜ «አሸንፎ» ሲነጋ ኪሱ ባዶ ሆነ። ካርታው ክፉ ስለ ነበረ አይደለም፤ በግማሽ ተስፋ ሙሉ ገንዘብ ስላስያዘ ነው። ገበሬው ይህን ሒሳብ ካርታ ሳይነካ ያውቀዋል። መሬት በእኩል ለማረስ ሲስማማ አስቀድሞ «ዘሩን ማን ያወጣል? በሬውስ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ወጪው ሁሉ የእርሱ፥ ምርቱ ግን እኩሌታው ብቻ ከሆነ፥ የእርሻው ስፋት ድካሙን ከማብዛት በቀር አይጠቅመውም።

ታዲያ መቼ ነው መድፈር? አንደኛ፥ ሁለቱንም ወገን ለመውሰድ ስትችል። በእጅህ የልብ አስ፥ የልብ ንጉሥ፥ 2 እና 10 አሉ እንበል፤ ጠረጴዛው ላይ የልብ 3፥ የልብ 8፥ የልብ ጃክ፥ ልብ ያልሆኑ 5 እና ንግሥት ወጡ። በአስና በንጉሡ 5 ልብ አቀናጅተህ ከፍታውን ትይዛለህ፥ የሚበልጥህም የለም፤ በአስና በ2 ደግሞ ከሁሉ ያነሰው ዝቅታ የአንተ ነው። ሌላ ሰው ዝቅታውን ቢጋራህ እንኳ ሦስት አራተኛው በእጅህ ነው። ያን ጊዜ አታመንታ፤ ጨምር። ሁለተኛ፥ ከመጀመሪያዎቹ 3 ካርታዎች ሁለቱ ከ8 በላይ ሆነው አንተ በከፍታው ከጠነከርህ ጨምር፤ ዝቅታ የሚጠብቁት የሚቀሩት 2 ካርታዎች ሁለቱም እንዲሰምሩላቸው ያስፈልጋልና፥ ተስፋቸውን በርካሽ አትሽጥላቸው። ሦስተኛ፥ ዝቅታ ብቻ ከያዝህ ታገሥ፤ ይልቁንም ተጫዋቾቹ ሁለት ብቻ ሲሆኑ። ደግሞም ጠረጴዛው ላይ ሌላ 2 ከወጣ በእጅህ ያለው 2 ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ዐዋቂዎች አስና 2 ከ3 ጋር ሲመጣ ነው ደስ የሚላቸው።

እኔ ከማስተምርበት ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሲሄዱ የአምባሰሏ ውጫሌ ትገኛለች። ጦርነት ጨዋታ አይደለም፤ ደም የፈሰሰበትን ነገር ከካርታ ጋር ማስተካከልም አይገባም። ነገር ግን የጊዜ ምርጫ ምን እንደ ሆነ ከዚያ ይበልጥ የሚያሳይ ምሳሌ ከቅርብ አላገኘሁም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ሲዋዋሉ ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም፤ ዘውዱም ገና አልተጫነላቸውም። በዚያ ጊዜ በእጃቸው የነበረው ግማሽ ነበርና ግማሹን ተቀበሉ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ፈቃድ፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ መሆኑ ሲገለጥም ወዲያው ወደ ጦርነት አልሮጡም። ለአውሮፓ መንግሥታት ጻፉ፤ መሣሪያ ሰበሰቡ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መተዋቸውን አስታወቁ። እውነቱም ኀይሉም በአንድነት በእጃቸው ሲገቡ በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነግረው ሠራዊቱን እዚሁ ወሎ፥ ወረኢሉ ላይ አከማቹ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ የሆነውን ታውቀዋለህ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በአዲስ አበባው ውል ተሻረ።

ወዳጄ፤ ደፋር የሚባለው ሁልጊዜ የሚጨምር ሰው አይደለም፤ «ባሸንፍ ስንት ይደርሰኛል?» ብሎ ጠይቆ ከዚያ በኋላ የሚጨምር ነው። ጨዋታውን ለመማር ከፈለግህ በብር ፋንታ የተቆላ ሽምብራ አስይዝ፤ ብትሸነፍ የሚቀርብህ ቁርስ ብቻ ነው። የቤት ኪራይና ለእናት የሚላከው ገንዘብ ግን፥ አስና 2 ቀርቶ አራቱም አስ ቢገባልህ፥ ከመደቡ አይገቡም።

ደኅና ሰንብት።