ታዳጊ ሯጭ እንዴት ይያዝ?

ከጎንደር ተነሥቶ ወገራን እያቋረጠ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣ መንገደኛ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ዳገቱን በሩጫ የሚወጣ ተማሪ ሳያይ አያልፍም። ይህንም አይቶ «ይህ አገር የሯጭ አገር ነው» ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ስለ ሌላው ግማሽ ግን ዛሬ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን፤ ስለ ስሜንና ስለ ወገራ ልጆች ተሰጥዖ ሲወራ ብዙ ጊዜ እንሰማለንና፣ ስለ አያያዛቸው ሲወራ ግን እምብዛም አንሰማም።

የአገሩ ከፍታ የተመሰከረለት ነው። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ሊማሊሞን ወርደው የሚያገኙት አዲ አርቃይ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ደጋና ቆላ እንዲህ ተቀራርበው ስለሚገኙ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሊቃውንት የከፍታን ነገር ለመመርመር ወደዚሁ መጥተው ነበር። የሁለቱን አገር ሰዎች ደረት፣ ሳንባና ደም አነጻጽረው ውጤቱን በ1969 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ የደጋው ሰው ደረቱ ሰፋ፣ ሳንባው የሚይዘውም አየር በዛ ብሎ ተገኘ። ከዚያም በ2002 እ.ኤ.አ. ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅና ባልደረቦቻቸው በስሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ በአምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩትን ሰዎች መርምረው የሚያስደንቅ ነገር ጻፉ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖር ሰው የአየሩን መሳሳት የሚቋቋመው ደሙን በማወፈር ነው። የአምባራስ ሰው ግን ደሙ እንደ ቆላ ሰው ደም ሆኖ ሳለ ኦክስጅን አልጎደለበትም።

ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ደረትና ደም ብቻቸውን ሯጭ አያወጡም። የአርሲዋ በቆጂ ከደባርቅ አትበልጥም፤ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው። የበቆጂ ስም በዓለም የተጠራው ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ልጆች እየመረጡ ዓመት ከዓመት ሳይሰለቹ ስለ ያዟቸው ነው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። ስለዚህ ስሜንን ከበቆጂ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ዳገቱን ትቶ መምህሩን ቢያስተውል ይሻላል እንላለን።

አሁን ያለውን አሠራር እንመልከት። አንድ ልጅ በትምህርት ቤቶች ውድድር ቀድሞ ይታያል፤ በታዳጊዎች ፕሮጀክት ይታቀፋል፤ ከዚያ በክልል ሻምፒዮና ሜዳሊያ ካገኘ ከክለቦች አንዱ፣ የማረሚያ ወይም የፖሊስ፣ የመከላከያ ወይም የንግድ ባንክ፣ በወር ደመወዝ ይቀጥረዋል። ከክለቡም በላይ ማናጀር የሚባለው አለ፤ እርሱም ወደ ውጭ አገር የጎዳና ውድድር ይወስደዋል። መሰላሉ በራሱ ክፉ አይደለም። ክፋቱ በእያንዳንዱ እርከን ላይ የቆመው ሰው የሚመሰገነው ልጁን ቶሎ ወደ ላይ በማሳለፉ መሆኑ ነው። የፕሮጀክቱ አሠልጣኝ ሪፖርት ሲጽፍ የሚጠየቀው ስንት ሜዳሊያ እንዳመጣና ስንት ልጅ ለክለብ እንዳበረከተ ነው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ያበረከታቸው ልጆች ዛሬ ይሮጡ እንደ ሆነ ወይም እግራቸውን ይዘው ቤታቸው ተቀምጠው እንደ ሆነ የሚጠይቀው የለም። እንዲህ የሚመዘን ሰው የ15 ዓመት ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ በአስፋልት ላይ ቢያስሮጥ ምን ያስደንቃል? በዚህ ላይ በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ዘመን ያየ ወላጅም ሆነ አሠልጣኝ «ዛሬ ያልተያዘ ነገ አይገኝም» ብሎ ቢቸኩል አንፈርድበትም። ነገር ግን የሚያድግ አጥንት የዘመኑን ችግር አያውቅም፤ ልኩ ካለፈ ይሰነጠቃል።

የምግቡ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስበናል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ጤና እየተከታተለ የሚመዘግብበት የምርምር ጣቢያ አለው። በዚሁ ወረዳ ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት ለዕድሜያቸው አጭር ሆነው እንደ ተገኙ ይናገራል። ከእነዚህ ሕፃናት መካከል ነው እንግዲህ ነገ ሯጭ የምንመለምለው። የዓለም አቀፍ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሐኪሞች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት መግለጫ እንዳስረዱት፣ ስፖርተኛ የሚበላው ከሚደክመው ሲያንስ ሰውነቱ ከራሱ መቆጠብ ይጀምራል፤ አጥንቱ ይሳሳል፣ ዕድገቱ ይጓተታል፣ የሴት ልጅ የወር አበባም ይቋረጣል። በአሠልጣኞች ዘንድ ግን ይህ መቋረጥ ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ነገር ይታለፋል። አፍራ ለወንድ አሠልጣኝ የማትናገረውን ነገር የምትነግራት አንዲት ሴት፣ መምህርትም ትሁን ነርስ፣ በየፕሮጀክቱ ብትመደብ ስንት እግር በተረፈ ነበር!

ስለ ጾምም አንድ ቃል እንጨምር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በረቡዕና በዓርብም፣ ብዙው ታዳጊ እህል ሳይቀምስ ያረፍዳል። ልጁ ንጋት ላይ በቁሩ 15 ኪሎ ሜትር ሮጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ቢውል፣ ጥፋቱ የጾሙ ሳይሆን ሰዓቱን ያልቀየረው የአሠልጣኙ ነው። ከባዱ ልምምድ ወደ ማታ ቢዛወር፣ በሶውና የባቄላው ወጥም ወዲያው ቢከተል ሁለቱም ይስማማሉ።

ሌላው የዕድሜ ነገር ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሕግ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ነው። አሁን በክልል ሻምፒዮና የሚሮጡት ታዳጊዎች ከዚያ በፊት የተወለዱ ስለ ሆኑ፣ ዕድሜያቸው የሚታወቀው በእናት ትዝታና በክርስትና በዓል ነው፤ ወይም ደግሞ አሠልጣኙ በሚፈልገው ቁጥር ነው። የ19 ዓመት ጎረምሳ «17 ነው» ተብሎ ሲሰለፍ ሰው የሚያስበው የማጭበርበሩን ነውር ብቻ ነው። እኛ ግን የምናስበው አጠገቡ ስለ ተሰለፈው እውነተኛ የ15 ዓመት ልጅ ነው። እርሱ 8ኛ ወጥቶ «አይሆንም» ተብሎ ይሰናበታል፤ ወይም እኩል ለመድረስ ሲል ከዐቅሙ በላይ ይለማመዳል። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ለአገር አይጠቅምም።

የቀደሙት ጀግኖቻችን ስንት ዓመት ሆኗቸው እንዳሸነፉ ማስታወስ ደግ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ የ28 ዓመት ሰው ነበር። ማሞ ወልዴ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ በትራክና በአገር አቋራጭ ዘመኑን ከጨረሰ በኋላ የመጀመሪያ ማራቶኑን በፓሪስ በ2014 እ.ኤ.አ. በ31 ዓመቱ ሮጠ፤ በ37 ዓመቱ በበርሊን 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ገባ፤ በ41 ዓመቱም በለንደን ሁለተኛ ወጣ። በዚያው በ2014 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ፀጋዬ መኮንን ገና በ18 ዓመቱ ዱባይ ላይ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ32 ሴኮንድ አሸንፎ 200 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ተሸለመ። ከዚያም በ2017 በሐምቡርግ አሸንፏል፤ የ18 ዓመት ሰዓቱን ግን አላሻሻለም። በአንድ ሰው ታሪክ ሕግ አይወጣም፤ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበርም በራሱ ሻምፒዮና 20 ዓመት ያልሞላውን ወጣት በማራቶን የማያሰልፈው በአንድ ሰው ምክንያት አይደለም። የከተማ ማራቶን አዘጋጆች ግን በር ክፍት ባደረጉ ቁጥር የእኛ ልጆች ቀድመው ይገባሉ።

እዚህ ላይ የሚመልስልን ሰው አለ። «እናንተ የጠገባችሁ ናችሁ፤ የልጁ አባት ያለው ሁለት ጥማድ ገብስ ነው፤ ገንዘቡ ዛሬ ቢመጣ ቤት ይሠራል፣ ታናናሾቹን ያስተምራል፤ 28 ዓመት ድረስ ማን ይቀልበዋል?» ይለናል። ይህ ክርክር ከባድ ነው፤ አናቃልለውምም። ልጁ ገንዘብ አይፈልግ አላልንም። እኛ የምንለው፣ ያው አባት ለእርሻ የሚያሰበውን ወይፈን ገና ሳይጠና ቀንበር እንደማይጭንበት ሁሉ፣ ክለቡም ለታዳጊው ከሜዳሊያ ጋር ያልተያያዘ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ውል ይስጠው ነው። እግሩ የተጎዳ ልጅ በወሩ ከደመወዝ የሚሰናበት ከሆነ ሕመሙን ደብቆ ይሮጣል፤ ማንም ቢሆን ይህን ያደርጋል። ትምህርቱንም አያቋርጥ። ደባርቅ ዛሬ የራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ አንዱ ልጅ ቢሮጥ አንዱ ቢማር ከማለት ያው ልጅ ሁለቱንም ቢያደርግ ምን ይከለክላል?

ወደ ውጭ አገር ስንመለከት የሚጠቅም ምሳሌ እናገኛለን። አሜሪካኖች ቤዝቦል በሚሉት ጨዋታ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች የክንዱ ጅማት ቶሎ ይበጠሳል። ገና በልጅነታቸው ብዙ የወረወሩ ጎበዞች ትልቁ ሊግ ሳይደርሱ በቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ እየቀሩ ሲያስቸግሯቸው፣ የልጆቹ ሊግ በ2007 እ.ኤ.አ. ውርወራን መቁጠር ጀመረ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ95 ውርወራ በላይ አይፈቀድለትም፤ ብዙ የወረወረም 4 ቀን ያርፋል። የሚገርመው መሣሪያው ወረቀትና እርሳስ ብቻ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ክንድ መሰበሩ ጨርሶ አልቀረም፤ ፍጥነት የሚያስከፍለው ዋጋ አለና። ዳሩ ግን ቁጥሩ ሲጻፍ አሠልጣኙ «አላወቅሁም» ሊል አይችልም።

እኛም ለደባርቅና ለዳባት የምንጠይቀው ይህንኑ የሚመስል ነው። በፕሮጀክት የታቀፈ ልጅ ሁሉ በስሙ አንድ ደብተር ይኑረው። በየሳምንቱ የሮጠው ኪሎ ሜትር፣ ያረፈበት ቀን፣ የታመመበት ስፍራ፣ በየሦስት ወሩም ቁመቱና ክብደቱ ይጻፍበት። ቁመቱ በድንገት በሚረዝምበት ወቅት ኪሎ ሜትሩ ይቀነስ፤ ያን ጊዜ አጥንቱ እጅግ ደካማ ነውና። አዲስ አበባ የሚለማመዱት ሯጮች እንጦጦ ወጥተው፣ ለፍጥነት ደግሞ ወደ አቃቂ ወርደው እንደሚሮጡ ሁሉ፣ የደባርቅም ልጅ ለፈጣን ልምምድ አንዳንድ ጊዜ ወደ ጎንደር ዝቅ ይበል፤ በደጋው ስስ አየር እግር በሚገባ ሊፈጥን አይችልም። አሠልጣኙም ሲመዘን፣ ከአምስት ዓመት በፊት ካሳለፋቸው ልጆች ስንቱ አሁንም በደኅና እንደሚሮጥ ይጠየቅ። ልጁ ለክለብ ሲታጭ ደብተሩ አብሮት ይሂድ፤ ክለቡም ውሉን ከመፈረሙ በፊት ያንብበው።