ከትልቁ ማይክሮስኮፕ በፊት

እንደሚታወቀው ማይክሮስኮፕ ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚያመራው ወደ ሴልና ባክቴሪያ ነው። ይሁን እንጂ ብረትም ሆነ ቃጫ በዓይን የማይታይ ውስጣዊ አወቃቀር አለው፤ ጥንካሬውም ድክመቱም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ለአብነት ያህል በሆሳዕና ወይም በዱራሜ አንድ ብረት ሠሪ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ መጥረቢያ ሠራ እንበል። የጋለው ብረት በድንገት ውኃ ውስጥ ሲነከር ማርቴንሳይት የተባለ እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን ተሰባሪ አወቃቀር ይፈጠራል። መልሶ በመጠኑ ካልተሞቀ ስለቱ ይሸረፋል፤ ከመጠን በላይ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ ይዶለዱማል። ይህን ለመመርመር ናሙናውን ቆርጦ በብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ መፋቅ፣ እንደ መስታወት ማለስለስ፣ በአልኮል የተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ማስነካት፣ ከዚያም ብርሃኑን ከላይ በሚያሳርፍ ማይክሮስኮፕ መመልከት ይቻላል። የተለመደው የባዮሎጂ ማይክሮስኮፕ ብርሃን የሚልከው ከሥር ነው፤ ብረት ደግሞ ብርሃን ስለማያሳልፍ ለዚህ አያገለግልም።

እርግጥ ነው፣ የተለመደው የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተቀራረቡ ነጥቦችን ለይቶ አያሳይም። ይህን ወሰን ለመሻገር መንገድ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1931 በበርሊን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን የሠሩት ማክስ ክኖልና ኤርንስት ሩስካ ናቸው። ከፕላስቲክ ጋር የተዋሐደ የእንሰት ቃጫ ሲሰበር፣ ቃጫው ተበጠሰ ወይስ ተነቅሎ ወጣ ለሚለው ጥያቄ ዛሬ ግልጽ መልስ የሚሰጠው ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። ሆኖም መሣሪያው ቫኪዩም፣ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክና የሠለጠነ ባለሙያ ይሻል፤ ቃጫን የመሰለ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ናሙናም አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በስስ ወርቅ ይለበጣል።

በመሆኑም እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይግዛው የሚለው ሐሳብ ትክክል አይመስለኝም። እንደ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ባሉ ተቋማት የሚገኘውን መሣሪያ በታወቀ ተራና ዋጋ በጋራ መጠቀም ይሻላል። በየአካባቢው ግን የናሙና ማዘጋጃ ክፍል፣ የብረት ማይክሮስኮፕና ቋሚ የላቦራቶሪ ባለሙያ የግድ ያስፈልጋሉ። ባለሙያ የሌለው ውድ መሣሪያ አቧራ ከመጠጣት አያልፍም፤ በአግባቡ ያልተዘጋጀ ናሙናም በየትኛውም ማይክሮስኮፕ እውነቱን አይናገርም።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መጠሪያውን የወሰደው ከሆሳዕና የቀድሞ ስም ነው። የከተማዋን ስም የተሸከመ ተቋም የከተማዋ ብረት ሠሪ የተሸረፈ መጥረቢያውን ይዞ የሚመጣበት ደጅ ቢሆን ያምርበታል። የላቦራቶሪ አገልግሎት መለኪያው የመሣሪያዎቹ ዋጋ ሳይሆን የመለሳቸው ጥያቄዎች ብዛት ነውና፣ ተማሪዎችም ጥያቄውን ከወዲሁ ከየሠፈራቸው ይዘው ይምጡ።